ሦስተኛው ደህና

በ2081 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ላይ የታመመ ሰው የሚጠየቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ደህና ነዎት?» ይባላል። «ደህና ነኝ» ካለ አለቀ፤ ቃሉ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ከዚያ በኋላ ገላውን መፈተሽ ክልክል ነው። ሕጉ የወጣው ለሰው ክብር ተብሎ ነበር። ከዚያ በፊት ማሽኖቹ የሰውን ሆድ ዕቃ ሳያስፈቅዱ ሲበረብሩ ከርመው ሕዝቡ አቤት ቢል፣ «የበሽተኛው ቃል ይቅደም» ተባለ። አንዱን ጥያቄ መደጋገምም ማስጨነቅ ነው ተብሎ አብሮ ተከለከለ። ሕጉ ምንም አይወጣለትም፤ ያረቀቁት ሰዎች ግን ወሎ ውስጥ ታመው አያውቁም መሰለኝ። የእኛ ሰው እኮ እግሩ ተሰብሮ ቃሬዛ ላይ ተጋድሞም «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ነው የሚለው!

ይህን ከሲስተር መዲና እንድሪስ በላይ የሚያውቅ የለም። መዲና አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሃያ ስድስቱን ዓመት የሠራችው ሆስፒታሉ ውስጥ አራት ቁጥር በሚባለው ክፍል ነው። ክፍሉ አሥራ ስድስት አልጋ አለው፤ በየአልጋው ራስጌ አንዳንድ አስታማሚ ቆማለች። ድሮ አስታማሚ ማለት አልጋው ሥር ሰሌን አንጥፎ የሚያድር ዘመድ ነበር፤ ያጎርሳል፣ ሲስተር ይጠራል፣ መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል። አሁን ዘመድ የሚገባው ዓርብ ዓርብ ለአንድ ሰዓት ነው፤ ስሙን የወረሱት ማሽኖቹ ናቸው። ሦስት ክንድ አላቸው፤ መዳፋቸው ሁልጊዜ ለብ ያለ ነው። ሰውነት ያጥባሉ፣ ያገላብጣሉ፣ መርፌ ይወጋሉ፤ አይሳሳቱም፣ አይደክማቸውም፣ አይቆጡም። በሽተኛው ይወዳቸዋል። መዲናም ብትሆን አትጠላቸውም፤ ወገቧን ያተረፉላት እነሱ ናቸው።

ሰው የሆኑ ነርሶች አራት ቀርተዋል፤ መዲና፣ ጓደኛዋ ፈንታነሽና ሌሎች ሁለት። እነሱንም ያቆያቸው አንድ መመሪያ ነው። ሰው ነርስ ያለበት ክፍል ሁሉ፣ አስታማሚዎቹን የአገሩን ጠባይ የሚያስተምር፣ በነርስ መምህርነት ሁለተኛ ዲግሪ የያዘ ሰው ይኑረው ይላል። ከሌለው፣ ከመጪው መስከረም አንድ ጀምሮ «ዝም ያለ ክፍል» ይሆናል፤ ሰው ነርስ አይገባበትም። ፎቅ ላይ ያለው ሁለት ቁጥር አምና ዝም ብሏል። መዲና በበሩ ስታልፍ ጆሮዋን ጣል ታደርጋለች። የአስታማሚዎቹ መንኮራኩር ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው፤ የሚያስነጥስ ሰው እንኳ ያለ አይመስልም።

ስለዚህ መዲና ወገቧን ታጥቃ ተመዘገበች። ይኼው አራት ዓመቷ።

ዩኒቨርሲቲው ግቢ የለውም፣ በር የለውም፣ መታወቂያ አሳዩ የሚል ጥበቃ እንኳ የለውም። ከሱብሒ ሶላት በኋላ መዲና መስገጃዋን አጥፋ፣ ማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ካለችው የአዝራር ያህል መስታወት ፊት በርጩማዋን ስባ ትቀመጣለች፤ ትምህርት ቤት ገባች ማለት ነው። አስተማሪው ድምፅ ብቻ ነው። ተማሪው ሁሉ በቀልድ «የኔታ» ይለዋል፤ ቀልዱ ቆይቶ ስም ሆነ። የኔታ አይቆጣም፣ አያደንቅም። በየማለዳው ትምህርት ከመጀመሩ በፊት «ሲስተር መዲና፣ ደህና ነዎት?» ይላታል። «ደህና ነኝ» ትላለች። ይመዘግባል። አባቷ የሞቱ ሳምንትም «ደህና ነኝ» ብላለች፤ ተመዝግቧል።

በመጀመሪያው ወር የሆነውን ሸጋው፣ ባሏ፣ እስከ ዛሬ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ያወራዋል። ሸጋው ፀጉር አስተካካይ ነው። ማሽን ያልነካው ሙያ ቢኖር የእሱ ነው፤ «ሆዱን ለማሽን የሰጠ ሁሉ ጢሙን ይዞ እኔ ዘንድ ይመጣል» እያለ ይኩራራል። ያን ጠዋት የኔታ «የዛሬው ትምህርት ገብቶዎታል?» ቢላት፣ መዲና እንደ አገሯ ሰው ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ «ህ!» አለች። አዎ ማለቷ ነው። የኔታ ሌላ ነገር ጠየቃት፤ እሷም «ህ!»። ሦስተኛ ጠየቀ፤ «ህ!»። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደጃቸው ላይ አምቡላንስ ቆመ። ሁለት ማሽኖች ኦክስጅን ይዘው ገቡና፣ ሸጋው በግልገል ሱሪው ቆሞ እያየ፣ መዲናን በርጩማው ላይ ያዟት።

«ኧረ ልቀቁኝ! ምን ሆንኩ ብዬ!»

«በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ትንፋሽ አጥሮዎታል» አለ የኔታ።

«ምን ያጥረኛል! አዎ ማለቴ ነው እንጂ! እሺ፣ አዎ፣ ገብቶኛል ማለት እኮ ነው!»

«ተመዝግቧል» አለ የኔታ። ከዚያ ወዲህ አምቡላንስ መጥቶ አያውቅም። መዲና ይህን ነገር እያስታወሰች ሁለት ነገር ታደርጋለች፤ አንደኛ ትስቃለች፣ ሁለተኛ፣ ይኼ ነገር ሲነግሩት ይሰማል ማለት ነው ትላለች።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ተማሪ አለ። ስንቱ ሰው፣ ስንቱ ለማለማመጃ የገባ ድምፅ እንደሆነ የሚናገር የለም፤ መጠየቅም ነውር ነው። መዲና ሰው መሆኑን እርግጠኛ የሆነችው በአንዱ ብቻ ነው፤ ከሚዛን ከተማ የሚገባ ዳምጠው የሚባል ሰውዬ ነው። ያስላል። ደረቅ፣ አስቀያሚ፣ የሲጋራ ሳል። የቡድን ሥራ በተሰጣቸው ቁጥር መዲና ያን ሳል ስትሰማ ልቧ ይረጋል። «እንኳን ሳልክ» ብላው ታውቃለች፤ እሱም ነገሩ ገብቶት ከልቡ ሳቀ።

ሁሉንም ትምህርት አልፋለች። ያሰናከላት የመጨረሻው፣ የማስተማር ፈተናው ነው። ተማሪዋ አንዲት አስታማሚ ናት፣ አንዷ የያዘችው ግን ለሁሉም ይዳረሳል፤ ቦታው የራሷ ክፍል፣ ጊዜው አርባ ደቂቃ። የኔታ ከጣሪያው ላይ ያያል። ውጤቱ የሚነገረው ከሰባት ቀን በኋላ ነው፤ በእነዚያ ቀናት ተፈታኙ ተማሪዎቹ ዘንድ ድርሽ አይልም፤ ያስተማረው ነገር እሱ በሌለበት ይታይ ተብሎ። ማለፊያው ሰባ ነው። መዲና አንድ ጊዜ ስልሳ አራት፣ አንድ ጊዜ ስልሳ ስድስት አግኝታ ወድቃለች። ሦስተኛ የወደቀ መዝገቡ ይዘጋል፤ እሷ ከወደቀች ደግሞ አራት ቁጥርም ዝም ይላል።

የሚጥላት ሁለቱንም ጊዜ አንድ ነገር ነው። ድግግሞሽ።

እሷ ምን ታድርግ? ሙያውን ያስተማረቻት ሲስተር አስካለ ናት፤ በዚያ አውራጃ ሰው ሆና ነርስ ያስተማረች የመጨረሻዋ ሰው። ሲስተር አስካለ ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረዥም ነበር። አንድ ቀን መዲና፣ ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ፣ መዝገብ ላይ «በሽተኛው ደህና ነው» ብላ ጽፋ ብትገኝ፣ ጆሮዋን ይዛ አልጋው ድረስ መለሰቻት። «አንቺ ልጅ፣ ስንት ጊዜ ጠየቅሽው? አንድ ጊዜ? የመጀመሪያው ደህና እኮ የፈጣሪ ነው፣ ምስጋና ነው። ሁለተኛው የይሉኝታ ነው። አንቺ የምትጽፊው ሦስተኛውን ነው!» ሰውዬው ሦስተኛ ሲጠየቅ አንጀቱ ተቆልፎበት ሁለት ቀን እንደሆነው ተናገረ። መዲና ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ጊዜ ሳትጠይቅ ቀርታ አታውቅም። ሲስተር አስካለ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት፤ መዲና በሶላቷ መጨረሻ ዱዓ ስታደርግ እስከ ዛሬ ስሟን ትጠራለች። ክርስቲያን ናት አይደለችም፣ እሱን ፈጣሪ ያውቃል።

አሁን ግን ይህ ያቆማት ልማድ ሊጥላት ነው። ስለዚህ ክረምቱን በሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ መጠየቅ ተለማመደች። አለማማጇ ሸጋው ነበር። ጠዋት ሲነሳ፣ «ደህና አደርክ?» ትለዋለች።

«ደህና፣ ተመስገን፤ አንቺስ?» ይላል።

ዝም። ወደ ሥራዋ።

መጀመሪያ ሰሞን ሳቁበት። ኋላ ግን ሸጋው ሆድ ይብሰው ጀመር። «እኔ የምልሽ መዲና፣ ደህና አደርክ ብለሽኝ ዝም ስትዪ፣ የሆነ ነገር የተጣላን ይመስለኛል» አላት አንድ ቀን ቁርስ ላይ። «ሌሊቱን እኮ ወገቤን ሲያመኝ ነው ያደረው። በየት በኩል ልንገርሽ?»

«አትናገርም እንዴ አመመኝ ብለህ!»

«ሳልጠየቅ?»

አንጀቷን በላው። ግን ልምምዱን አልተወችም። ጎረቤት አንድ ጊዜ፣ እህቷን አንድ ጊዜ፣ ባለሱቁን አንድ ጊዜ። ሰው «መዲና ምን ነካት? ኮራች» ማለት ጀመረ። በነሐሴ አጋማሽ ላይ አፏ ሳይስት አንድ ጊዜ ጠይቆ ማቆም ቻለ። ፈንታነሽ አቅፋ ሳመቻት። «አብሽሪ፣ አልፈሽዋል!»

የፈተናው ቀን ማለዳ ዝናብ ነበር፤ የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ድምፁ ክፍሉ ድረስ ይሰማል። የተመደበላት አልጋ ዘጠኝ ነው። የተኙበት እትዬ ጦይባ ናቸው፤ የሐርቡ ሰው፣ ሰባ አራት ዓመታቸው። ከመኪና ሲወርዱ ተንሸራተው ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ከተሠራላቸው አምስተኛ ቀናቸው ነው። ልጃቸው ጅማ ናት፤ ዓርብ ዓርብ መስኮት በሚያህል ሰሌዳ ላይ ብቅ ትላለች። እትዬ ጦይባ ተጫዋች ናቸው። መዲና ገና «ደህና አደሩ» ስትላቸው፣ «ደህና ነኝ፤ አንቺስ? ባልሽስ? ያ ባለ መቀስ ጢሙን ራሱ ነው የሚላጨው ወይስ የሚላጨው ሰው አለው?» ይሏታል። በየቀኑ ያቺኑ ናት ቀልዳቸው፤ በየቀኑ ይስቁባታል።

«የማስተማር ፈተና ተጀምሯል» አለ የኔታ ከጣሪያው። «ተማሪዋ የዘጠነኛ አልጋ አስታማሚ ናት። ሲስተር መዲና፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ» አለች መዲና።

አስታማሚዋ አጠገቧ ቆማለች፣ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ። መዲና ቢስሚላህ አለችና ጎንበስ ብላ ጀመረች። «የመጀመሪያው ሥራ ይኸውልሽ መጠየቅ ነው። ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሽ። ደህና አደሩ እትዬ ጦይባ? ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ እትዬ ጦይባ።

የአስታማሚዋ ደረት ላይ አረንጓዴ መብራት በራ። ቃሉ ሰፈረ። አሁን መዲና ወደ ሁለተኛው ሥራ፣ ወደ ማገላበጡ፣ መሄድ አለባት። አንድ ጊዜ ጠይቃለች፤ ንጹሕ ነው፤ ክረምቱን በሙሉ የደከመችበት ይኸው ነው። እጇን ወደ አንሶላው ዘረጋች። ከዚያ ቆመች።

እትዬ ጦይባ አልመለሱም። «አንቺስ?» አላሉም። ስለ ሸጋው ጢም አልጠየቁም። ደህና ነኝ ብለው ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ፣ ዝናቡን እንደሚያይ ሰው።

መዲና በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ፣ ደህና ነኝ ብሎ «አንቺስ» የማይል ጤነኛ አላየችም። የፈንታነሽ ፊት መጣባት፣ በሩ ጀርባ ቆማ እጇን አጣጥፋ የምትጠብቀው። አራት ዓመት፣ በየማለዳው፣ ማድ ቤት ውስጥ በርጩማ ላይ። የሚዛኑ ዳምጠው እንኳ ትናንት «እኔ ላንቺ ነው የምጸልየው» ብሏታል። ከፎቅ ያለው ክፍል የመንኮራኩር ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ። አሁን ዝም ብላ ብታገላብጣቸው ታልፋለች። ሌላውን ከፈተናው በኋላ ትጠይቃለች፤ ምን አለበት? አርባ ደቂቃ እኮ ናት።

ግን ደግሞ ደህና ያልሆነን እግር ልታገላብጥ ነው።

«እንዴት ነዎት ግን እትዬ?» አለች።

«ድግግሞሽ» አለ የኔታ። «አምስት ነጥብ ተቀንሷል።»

«ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ የኔ እናት። ምን እሆናለሁ?»

መዲና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። መቀመጥም ሕጉ ላይ የለም። የእትዬ ጦይባን እጅ በሁለት እጇ ያዘች፤ ቀዝቅዟል። ድምፅዋን እናቷን እንደምታናግር ያህል ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ ጦይባ... ደህና ነዎት ወይ?» አለቻቸው።

«ድግግሞሽ። አሥር ነጥብ።»

እትዬ ጦይባ ዓይናቸውን ከመስኮቱ መለሱ። «ባቴን ነው እንጂ» አሉ በመጨረሻ፣ እንደ ጥፋተኛ። «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጥዝጥዝ ያደርገኛል። ዛሬ ደግሞ ተነፋፋብኝ መሰለኝ። ለዚህች ብዬ ሰው ላስቸግር እንዴ?»

«አመመኝ» የሚል ቃል ወጣ ማለት ነው። መብራቱ ቀይ ሆነ፤ አንሶላውን መግለጥ ተፈቀደ። መዲና ገለጠችው። የግራ ባታቸው ቀልቷል፣ ከቀኙ አንድ ጊዜ ተኩል ወፍሯል፣ ሲነኩት ያቃጥላል። ደም ረግቶ ነው። ብታገላብጣቸው ኖሮ ያ የረጋ ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባቸው ሊሄድ ይችል ነበር። «አትንኪያቸው!» አለች አስታማሚዋን፤ «እንዳታነሺያቸው! ሐኪም ጥሪ!»

ከዚያ በኋላ ሁሉም በፍጥነት ሆነ። ሐኪሟ መጣች፣ አልጋው ሄደ፣ ፈንታነሽ እያለቀሰች ተከትላ ሮጠች። መዲና ባዶው ቦታ ላይ ብቻዋን ከአስታማሚዋ ጋር ቀረች።

«ፈተናው በስምንተኛው ደቂቃ ተቋርጧል» አለ የኔታ። «ሲስተር መዲና፣ አንዱን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ጠይቀዋል። ምክንያትዎን ለመዝገብ ይናገሩ።»

ይህኔ መዲና ተናደደች። በአራት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ ነው። «የምን ጥያቄ? ጥያቄ ነው እንዴ እሱ!» አለች ወደ ጣሪያው አንጋጣ። «ሰላምታ ነው! እኛ አገር ሰላምታ አንድ ጊዜ ተብሎ አይቀርም! ደህና አደርሽ፣ ደህና ነሽ፣ እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ ወይ፣ ይባላል! ሰው ማስጨነቅ አይደለም፣ ሰው ማክበር ነው! ሰው እስኪከበር ድረስ አመመኝ አይልም! አንተ ሰላምታ ተለዋውጠህ ታውቃለህ ለመሆኑ? በየማለዳው ደህና ነዎት ትለኛለህ፣ ደህና ነኝ እላለሁ፣ ትጽፋለህ። አባቴ ሞቶ እኮ ደህና ነኝ ብዬሃለሁ!»

የኔታ መልስ ለመስጠት ዘግይቶ አያውቅም። አሁን ግን መዲና የግድግዳውን ሰዓት እያየች አሥራ አንድ ሰከንድ ቆጠረች።

«ተመዝግቧል» አለ።

ቤት ገብታ ለሸጋው ነገረችው። ሸጋው መቀሱን እንደያዘ ነበር የመጣው። «ጦይባ እንዴት ሆኑ?» አለ መጀመሪያ።

«ተርፈዋል። የረጋውን ደም አሟሙተውላቸዋል፣ ደህና ናቸው።»

«ሦስት ጊዜ ጠይቀሽ ነው ደህና ናቸው የምትዪኝ?»

ሳቋ አመለጣት፤ ከሳቁ ጋር እንባዋ መጣ። ሸጋው አቀፋት። «አብሽሪ። ቢቀር ይቅር።» ከዚያም ራቅ አድርጎ ያያትና፣ «አሁን ግን ደህና ነሽ? እንዴት ነሽ? ደህና ነሽ ወይ?» አለ፣ ክረምቱን በሙሉ የተነፈገውን በአንድ ጊዜ ለመመለስ የቸኮለ ይመስል። መዲና ያን ዕለት መስገጃዋ ላይ ብዙ ቆየች። የለመነችው ነገር አልነበረም፤ ስታመሰግን ነው የቆየችው። ለእትዬ ጦይባ መትረፍ፣ ለሲስተር አስካለ፣ ለዝናቡ፣ ለዳምጠው ሳል፣ ለማሽኖቹም ጭምር፤ አልጋውን በአንድ ደቂቃ ሕክምና ክፍል ያደረሱት እነሱ ናቸውና። ዲግሪውን ግን ከልቧ አውጥታው ነበር።

ሰባቱ ቀን አለፈ። ጳጉሜ ሁለት ማለዳ መዲና ቁም ሣጥኗን ባዶ ለማድረግ ካርቶን ይዛ ሄደች። ፈንታነሽ ኮሪደሩ ላይ ጠብቃት ነበር፤ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ «ዝም በይና ስሚ» አለቻት።

አራት ቁጥር ውስጥ የጠዋቱ ዙር ተጀምሯል። መዲና ከበሩ ጀርባ ቆመች።

«ደህና አደሩ ጋሽ ሙሄ?» ትላለች የሦስተኛ አልጋ አስታማሚ።

«ደህና፣ አልሐምዱሊላህ።»

«እንዴት ነዎት ግን?»

«ደህና ነኝ አልኩ እኮ።»

አስታማሚዋ ክንዶቿን አጥፋ ዝቅ አለች፣ አልጋው ጠርዝ ድረስ፤ ሰው ሲቀመጥ እንደሚሆነው። ለብ ያለ መዳፏን የሽማግሌው እጅ ላይ አኖረች። «ጋሽ ሙሄ... ደህና ነዎት ወይ?»

ጋሽ ሙሄ ወዲያ ወዲህ አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ሽንቴ እንቢ አለኝ» አሉ።

በአሥራ ስድስቱም አልጋ እንዲሁ ነበር። ክፍሉ በሹክሹክታ ተሞልቷል፤ ደህና፣ እንዴት፣ ደህና ወይ። «ከፈተናሽ ማግስት ጀምሮ ነው፤ የኔታ ድግግሞሽ አይልም፣ ሰላምታ ብሎ ነው የሚመዘግበው» አለች ፈንታነሽ። «ስድስት ሰው የደበቀውን ነገር ተናግሯል። ትናንት ደግሞ ፎቅ ላይ፣ ዝም ያለው ክፍል እንዲሁ ሲል ሰማሁት።» ድምፁ፣ «ወይ» የምትለዋ ላይ ያለው ማንሳት፣ የእሷው ነው። የእሷም አይደለም፤ የሲስተር አስካለ ነው። ደስ አላት፤ ትንሽም ፈራች። ሰው የሚደብቀውን የሚያወጣ ነገር ማስተማሯ ነው፤ ይህን ቁልፍ ማን እጅ ላይ እንዳስቀመጠች አሰበች። ወዲያው ጋሽ ሙሄ እፎይ ሲሉ ሰማችና ሐሳቡን ለጊዜው ተወችው።

አልጋ ዘጠኝ ላይ እትዬ ጦይባ ተመልሰው ተኝተዋል። ከሩቅ አይተዋት፣ «አንቺስ? ባልሽስ? ያ ባለ መቀስ...» ማለት ጀመሩ። መዲና ሮጣ እጃቸውን ሳመች።

«ሲስተር መዲና» አለ የኔታ ከጣሪያው። «ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ» አለች እንደ ልማዷ።

«እንዴት ነዎት ግን?»

መዲና ቀና አለች። ፈንታነሽ አፏን ይዛ ቀረች። «ደህና... ደህና ነኝ።»

«ሲስተር መዲና... ደህና ነዎት ወይ?»

«ደክሞኛል» አለች። «አራት ዓመት ደክሞኛል። አባቴ ናፍቆኛል። ፈርቼ ነበር፤ እነ ፈንታነሽን ይዤ የምወድቅ መስሎኝ ነበር። አሁንም እፈራለሁ። ግን አመሰግናለሁ። ስለሰማኸኝ አመሰግናለሁ።» እንባዋን በነጭ ጋውኗ እጅጌ ጠረገች። «እና... አለፍኩ?»

ከጣሪያው አጭር ድምፅ መጣ፤ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ ሲል።

«ህ!»

ፈንታነሽ ጮኸች። እትዬ ጦይባ እልል አሉ፤ አስታማሚያቸው ተነስተው እንዳይወድቁ ያዘቻቸው። መዲና ግን እንዳንጋጠጠች ቀረች። ሳንባ የለውም፣ ደረት የለውም፣ ያ ትንፋሽ ከየት ተሳበ? የእሷው እንደሆነ አወቀች፤ ከአራት ዓመት በፊት ማድ ቤት ውስጥ ያስመዘገበችው። በአራት ዓመት ውስጥም፣ አንድም ቀን መልሳ እንዳልጠየቀችው ትዝ አላት።

«አንተስ የኔታ?» አለች። «ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ» አለ የኔታ። «ተመስገን።»

መዲና ካርቶኑን መሬት አስቀመጠች፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች።

«እንዴት ነህ ግን?» አለችው።